ሺኛው ፊርማ

ከሞት በኋላ ባለው ዓለም፣ የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ቢሮ፣ መስኮት ቁጥር አራት፦ ይመር ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ለሚመጡት ሰዎች መሞታቸውን ነግሮ ማስፈረም ሲሆን፣ ፊቱ የቆመችው ደግሞ ዛሬ ጠዋት የደረሰችው የድሮ የደሴ ጎረቤቱ ፋንታዬ ናት።

ፋንታዬ፦ አልፈርምም አልኩ፣ አልፈርምም!

ይመር፦ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ እባክዎን ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።

ፋንታዬ፦ ወይዘሮ? አንተ ይመር፣ ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተን ኖረን ዛሬ «ወይዘሮ» ሆንኩልህ?

ይመር፦ ደንቡ ነው። ተገልጋይ በማዕረጉ ይጠራል።

ፋንታዬ፦ ድመትህ ድስቴን የገለበጠች ቀን «እትዬ ፋንታዬ፣ በእኔ ሞት ይቅር በይኝ» እያልክ አጥሬ ሥር የቆምከው በየትኛው ደንብ ነበር?

ይመር፦ እሺ እትዬ፣ እሺ። ቀስ በይ ብቻ፣ መስኮት ሦስት ይሰማሻል።

ፋንታዬ፦ ይስማ! ኃላፊህን ጥራልኝ።

ይመር፦ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ፋንታዬ፦ መቼ ይወጣሉ?

ይመር፦ እኔ ስቀጠር ገብተው ነበር። እስካሁን አልወጡም።

ፋንታዬ፦ ወይ ጉድ። እዚህም?

ይመር፦ እዚህማ ይብሳል። እስቲ እትዬ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ በይ።

ፋንታዬ፦ ቆሜ ይሻለኛል።

ይመር፦ ቁርስ በልተሽ ነው የወጣሽው?

ፋንታዬ፦ ምን አልክ?

ይመር፦ ውሃስ? ትንሽ ውሃ ላቅርብልሽ?

ፋንታዬ፦ ይመር።

ይመር፦ አቤት።

ፋንታዬ፦ መርዶ ልትነግረኝ ነው?

ይመር፦ ኧረ በስመ አብ! የምን መርዶ? ዝም ብዬ እኮ ነው። ሰው ጎረቤቱን ቁርስ በላሽ ወይ ብሎ ቢጠይቅ...

ፋንታዬ፦ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ቀጥሎ ቁርስ። ቀጥሎ ውሃ። ሰፈር ውስጥ መርዶ ሲኖር ማን ነበር የሚጠራው?

ይመር፦ አንቺ።

ፋንታዬ፦ የሹፌሩን ሚስት ማን ነገራት? የዚያን የወታደር እናት ማን ነገራት? ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ በተሰበሰበ ቁጥር «ፋንታዬ ትሂድ፣ እሷ ታውቅበታለች» እየተባለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው እንባ ስጠርግ ኖሬ፣ ዛሬ በገዛ ሙያዬ ልትመጣብኝ!

ይመር፦ ታዲያ ከማን ልማር? እዚህ የሰጡን የሁለት ቀን ሥልጠና ነው። ሁለተኛው ቀን ግማሹ የመዝጊያ ንግግር ነበር። ቀሪውን አንቺ ስትሠሪ በአጥር ያየሁትን ነው የምሠራው።

ፋንታዬ፦ አላየህማ! ብታይ ኖሮ እንዲህ አትደናበርም ነበር። እኛ በጠዋት ነው የምንሄደው። ሦስት ሆነን፣ ደህና ልብስ ለብሰን፣ ፈገግ ብለን። ሰውየው ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እህል ቀምሶ እንደሆነ አጣርተን። ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ አውርተን አውርተን መጨረሻ ላይ «እገሌን ትንሽ አሞታል» እንላለን። «ሞተ» የምትለው ቃል ከአፋችን አትወጣም።

ይመር፦ ለባለቤቴም እንደዚያ ነው ያልሻት?

ፋንታዬ፦ እንዴታ። «ይመርን ትንሽ አሞታል» አልኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር። አንሶላውን ጥላ ጮኸች።

ይመር፦ «አሞታል» ስላልሻት ብቻ?

ፋንታዬ፦ «ትንሽ» ስላልኳት ነው። የእውነት የታመመን ሰው ማን በጠዋት ሦስት ሆኖ መጥቶ «ትንሽ» ይላል? እዚያች ላይ ነው ሁሉም የሚገባው።

ይመር፦ እሺ። እንግዲህ እትዬ... ስለ ዝናቡ ምን ትያለሽ?

ፋንታዬ፦ ይመር፣ ተው።

ይመር፦ ዛሬ ጠዋት መኪና ተሳፍረሽ ነበር። ልክ ነኝ?

ፋንታዬ፦ ልክ ነህ።

ይመር፦ እና ቁልቁለቱ ላይ መኪናው... መኪናውን... ትንሽ አሞታል።

ፋንታዬ፦ መኪናውን?

ይመር፦ መኪናውን። ሹፌሩንም። ውስጡ የነበረች ፋንታዬ የምትባል ሴትም... እሷንም ትንሽ...

ፋንታዬ፦ አንተ ሰውዬ፣ መሞቴን አውቃለሁ!

ይመር፦ ታውቂያለሽ?

ፋንታዬ፦ የአንተን የለቅሶ ንፍሮ የበላሁ ሴት፣ አንተን እዚህ ክራቫት አስረህ ተቀምጠህ ሳይህ ምን ይመስለኛል? ገበያ የወጣሁ ይመስለኛል? ንፍሮህ ደግሞ አልበሰለም ነበር፤ ሳልነግርህ እንዳልቀር።

ይመር፦ ተመስገን! ገላገልሽኝ እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። በይ እዚህች ጋ ፈርሚ፣ እዚህች ጋ፣ እዚህም። ሦስት ቅጂ ነው።

ፋንታዬ፦ አልፈርምም።

ይመር፦ አሁን አውቃለሁ አላልሽም?

ፋንታዬ፦ ማወቅ ሌላ፣ መፈረም ሌላ።

ይመር፦ እትዬ ፋንታዬ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ? መስኮት ሦስትን አየሽው? በሕይወቱ የኳስ ዳኛ ነበር። «ሞተሃል፣ ፈርም፣ ውጣ» ይላል። በቀን ስልሳ ሰው ይጨርሳል። እኔ በሳምንት አንድ፣ ሲቀናኝ ሁለት። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስለ ግብርና ስናወራ ስድስት ሳምንት ሄደ። መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ ሞቼ ነው አይደል? እንዳትጨነቅ» ብለው የገላገሉኝ እሳቸው ናቸው።

ፋንታዬ፦ አንጀቴን በላኸው።

ይመር፦ በግምገማ ላይ «ሠራተኛው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ያበዛል» ተብሎ ተጻፈብኝ። ግለ ሂስ አድርግ ሲሉኝ እንባዬ መጣ። እሱኑ ግለ ሂስ ብለው መዘገቡልኝ።

ፋንታዬ፦ ታዲያ ለምን አትተወውም?

ይመር፦ እሱን ልነግርሽ ነው። እዚህ ቤት ሺ ሰው ያስፈረመ ሠራተኛ አንድ ሰዓት ይሰጠዋል። አንድ ሙሉ ሰዓት፣ ወደ ታች፣ ወደ ገዛ ቤቱ ማየት ይፈቀድለታል። በአሥራ ሁለት ዓመት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ አስፈርሜያለሁ። አንቺ ሺኛዬ ነሽ።

ፋንታዬ፦ እኔ?

ይመር፦ አንቺ! ደግሞ በጥሩ ቀን መጣሽልኝ። እሁድ የማስተዋል ሠርግ ነው።

ፋንታዬ፦ ማን ነገረህ?

ይመር፦ ባለፈው ወር የሰፈራችን ሰዓት ሠሪ መጥቶ አልነበር? እሱ ነው የነገረኝ። ሳላስፈርመው ስለ ቤተሰብ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ግን ምን ላድርግ፣ ልጄ ናት። አሥር ዓመቷ ላይ ነው ጥያት የመጣሁት። አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምትስቀው፤ አሁንም እንደዚያ ትስቃለች?

ፋንታዬ፦ ...እንደዚያው ናት።

ይመር፦ አድጋለች?

ፋንታዬ፦ ከእናቷ በለጠች።

ይመር፦ ልጁስ? የሚያገባት?

ፋንታዬ፦ ደህና ልጅ ነው። ጨዋ ነው።

ይመር፦ ምነው እትዬ፣ ፊትሽን አዞርሽ?

ፋንታዬ፦ ይሄ መብራታችሁ ዓይኔን ወጋኝ።

ይመር፦ ድንኳኑ ተተክሏል?

ፋንታዬ፦ የምን ድንኳን?

ይመር፦ የሠርጉ ነዋ! የቅሬው ድንኳን፣ ያ ትልቁ። ጥጉ ጋ የተቀደደውን እኔ ነበርኩ የሰፋሁት።

ፋንታዬ፦ ተተክሏል ይመር። እስካሁን መቼም ተክለውታል።

ይመር፦ ደጃችን ላይ?

ፋንታዬ፦ ደጃችሁ ላይ።

ይመር፦ ሰው ይመጣል ትያለሽ? አባት የሌላት ልጅ ናት ብለው እንዳይቀሩ።

ፋንታዬ፦ ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል። ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም ይመጣሉ። አንድም የሚቀር የለም።

ይመር፦ እናቷ ግን ታለቅሳለች። እኔ አውቃታለሁ፤ በሰው ልጅ ሠርግ እንኳ የምታለቅስ ሴት ናት።

ፋንታዬ፦ ታለቅሳለች።

ይመር፦ ታልቅስ። የደስታ ነው። እኔም እዚህ ሆኜ አለቅሳለሁ፤ ለዚያች አንድ ሰዓት ስንት መሐረብ እንዳዘጋጀሁ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። በይ እንኪ እስክሪብቶ። ገመዱን እንዳትጎትቺው፣ የታሰረው በስንት ደብዳቤ ነው።

ፋንታዬ፦ መነጽሬ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ይመር፦ እኔ ላንብብልሽ። «እኔ ከዚህ በታች ስሜ የተጠቀሰው ግለሰብ፣ መሞቴ በግልጽ ቋንቋ ተነግሮኝ የተረዳሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ይኸው ነው።

ፋንታዬ፦ በግልጽ ቋንቋ አልተነገረኝም።

ይመር፦ እትዬ!

ፋንታዬ፦ ምን፣ ልዋሽ? በዚህ ቤት ውሸት እፈርማለሁ? አንተ ያልከኝ መኪናውን ትንሽ አሞታል ነው።

ይመር፦ እሺ። እሺ። በግልጽ ልንገርሽ። እትዬ ፋንታዬ፣ አንቺ... ማለት... አንቺ ከእንግዲህ...

ፋንታዬ፦ ቀጥል።

ይመር፦ አልችልም። አንቺ እኮ ስታመም አብሽ አፍልተሽ ያጠጣሽኝ ሴት ነሽ። እንዴት አድርጌ ነው ፊትሽ ሆኜ...

ፋንታዬ፦ እንግዲያው ቁጭ ብለን እንጫወት። የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

ይመር፦ ሞተሻል!

ፋንታዬ፦ ውይ።

ይመር፦ ይቅር በይኝ እትዬ። ይቅር በይኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይህ ቃል ለሰው የወጣኝ።

ፋንታዬ፦ እንዴት ያስጠላል ሲሉት። ሠላሳ ዓመት አለማለቴ ለካ ልክ ነበር።

ይመር፦ በይ ተባልሽ እንግዲህ። ፈርሚ።

ፋንታዬ፦ ይመር፣ እኔ የምልህ... ያቺ አንድ ሰዓት ትቅርብህ።

ይመር፦ ምን?

ፋንታዬ፦ ሠርግ ምኑ ይታያል? ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። ለሌላ ጊዜ አቆያት። ልጅ ስትወልድ ታያለህ።

ይመር፦ አይቆይም፤ በሞላ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል። እትዬ፣ ምን ሆነሻል? ተቀይመሽኛል? በድመቷ ነገር ነው?

ፋንታዬ፦ የምን ድመት አመጣህ።

ይመር፦ እንግዲያው ለምን ታስጨንቂኛለሽ? ካልፈረምሽ አልፈረምሽም፤ አስገድዳለሁ ብዬ አይደለም። ወደ ጎን ቁሚልኝና ቀጣዩን ልጥራ። የግድ ሺኛዬ አንቺ መሆን የለብሽም፤ ያቺ አግዳሚው ላይ የተኛችውም ብትፈርም ያው ነው።

ፋንታዬ፦ አትጥራት!

ይመር፦ ለምን?

ፋንታዬ፦ ተኝታለች። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው መርዶ አይነገረውም ብዬሃለሁ።

ይመር፦ አብዛኛው አዲስ ገቢ ይተኛል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ነው የሚነቃው። አርባ...

ፋንታዬ፦ እፈርማለሁ! ቆይ፣ እፈርማለሁ። እስክሪብቶውን ስጠኝ።

ይመር፦ እሰይ! እንኪ።

ፋንታዬ፦ ከፈረምኩ በኋላ ምን ይሆናል?

ይመር፦ አንቺ በዚያ በር ትገቢያለሽ። እኔ ደግሞ እሷን አስፈርሜ እሁድ ወደ ልጄ ማየት ነዋ።

ፋንታዬ፦ እኔ ገብቼ እሷ ትጠራለች?

ይመር፦ ትጠራለች።

ፋንታዬ፦ ካልፈረምኩስ?

ይመር፦ ያው አሁን ትጠራለች።

ፋንታዬ፦ ወይ እኔ። ወይ የእኔ ነገር። በየት በኩል ልያዝህ?

ይመር፦ ምኑን ነው የምትይዢው? እትዬ፣ እስክሪብቶውን ለምን አስቀመጥሽው?

ፋንታዬ፦ ወደ መስኮት ሦስት ትሂድ እሷ። ያ ዳኛው ይቀበላት።

ይመር፦ አይሆንም፤ በአንድ መኪና የመጣ ሁሉ ቁጥሩ ተከታታይ ነው፣ መስኮቱም አንድ ነው። አርባ ሰባት አንቺ፣ አርባ ስምንት እሷ። ቆይ፣ ከአንቺ ጋር ነው የመጣችው ማለት ነው። ታውቂያታለሽ?

ፋንታዬ፦ አላውቃትም።

ይመር፦ ከኋላ ወንበር ነበረች?

ፋንታዬ፦ አላውቃትም አልኩህ።

ይመር፦ ምስኪን። ነጠላዋን እስከ ፊቷ ተከናንባለች። እጇን አየሽው? እንሶስላ ሞቃለች። የትናንት ነው፣ ገና ትኩስ ነው። የሰው ሙሽራ እኮ ናት እትዬ! ምን ብዬ ነው ለዚች የምነግራት? አባቷ የት ይሆን አሁን? የማንን ቤት ነው...

ፋንታዬ፦ ይመር።

ይመር፦ አቤት።

ፋንታዬ፦ ቁጭ በል።

ይመር፦ ተቀምጫለሁ እኮ።

ፋንታዬ፦ ወንበርህን ወደዚህ ሳበው። ጀርባህን ወደ አግዳሚው አድርግ።

ይመር፦ ለምን?

ፋንታዬ፦ ቁርስ በልተሃል?

ይመር፦ እዚህ የምን ቁርስ አለ እትዬ? አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው እህል ካየሁ።

ፋንታዬ፦ ውሃውስ? ያን ለእኔ ያልከውን ውሃ አንተ ጠጣው።

ይመር፦ አልጠማኝም።

ፋንታዬ፦ ግድ የለም፣ ትንሽ ተጎንጭለት።

ይመር፦ እትዬ ፋንታዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?

ፋንታዬ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ሁለት ሴት እንኳ አጠገቤ የለም። ይህን ሥራ ብቻዬን ሠርቼው አላውቅም።

ይመር፦ የማን ናት ይህቺ ልጅ?

ፋንታዬ፦ ፋይሉን ተው። አትክፈተው፣ እጅህን ከፋይሉ ላይ አንሣ።

ይመር፦ አልከፈትኩትም። ከላይ ቁጥሩ ብቻ ነው የተጻፈው። ስሙ ከውስጥ ነው።

ፋንታዬ፦ ስለ ዝናቡ ልንገርህ። ዘንድሮ ጥሩ ዘንቧል። በቆሎው አምሯል። የአጥራችን ግራር አድጎ ጣሪያህ ላይ ደርሷል...

ይመር፦ ዛሬ ጠዋት በዚያ መኪና ወዴት ነበር የምትሄጂው?

ፋንታዬ፦ ኮምቦልቻ።

ይመር፦ ምን ልታደርጊ?

ፋንታዬ፦ ልብስ ሰፊው ጋ። ወገቡ ሰፍቷል ተብሎ ሊለካ ነበር።

ይመር፦ የምን ልብስ?

ፋንታዬ፦ ነጭ ልብስ።

ይመር፦ የማን ነጭ ልብስ?

ፋንታዬ፦ እናቷ እግሯን አሟት ቤት ቀረች። «ፋንታዬ፣ አንቺ አብረሻት ሂጂልኝ» አለችኝ። መስኮት ጋ ልቀመጥ ስትለኝ እሺ አልኳት። ዘፈን ክፈቱልኝ አለች፣ ከፈቱላት። አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች ነበር ይመር። ምንም አልሰማችም፤ በእናቴ አጥንት ምንም አልሰማችም።

ይመር፦ እትዬ።

ፋንታዬ፦ እዚህ ስንደርስ አርባ ሰባት ቁጥር የደረሰው ለእሷ ነበር። ከሩቅ መስኮቱ ላይ አንተን ሳይህ ከተኛችበት የቁጥሩን ካርድ ከእጇ ወስጄ የእኔን ሰጠኋት። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ብቻ መሐል ልቁም አልኩ። ከቆምኩበት ካልተነሣሁ አይጠራትም አልኩ።

ይመር፦ እትዬ፣ ደንቡ በግልጽ ቋንቋ ነው የሚለው። በግልጽ ቋንቋ ንገሪኝ።

ፋንታዬ፦ እኔ እሱን ቃል አላውቀውም።

ይመር፦ እኔ ነግሬሽ የለም? እኔ እንኳ፣ እኔ ፈሪው ብዬሽ የለም?

ፋንታዬ፦ አንተ ለአሮጊት ነው የተናገርከው።

ይመር፦ ማስተዋል ደህና ናት አይደል? ድንኳኑን ተክለውላታል ብለሽኛል። ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል ብለሽኛል። ልጄ ደህና ናት በይኝ።

ፋንታዬ፦ ደህና ናት ወንድሜ፣ ደህና ናት... ትንሽ አሟታል።